ነጭ ጋውን ሳይለብሱ በጤና ተቋም መሥራት፦ ከመምረጥ እስከ መደላደል

ሆስፒታል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሐኪምና ነርስ ነው። እስቲ አንድ ታካሚን ከበሩ ጀምራችሁ ተከተሉት። ጥበቃው ወዴት መሄድ እንዳለበት ያሳየዋል። ካርድ ክፍል ስሙን ጠይቀው ፋይሉን ያወጡለታል። ገንዘብ ቤት ይከፍላል፣ ወይም የኢንሹራንስ ወረቀቱን ያስመዘግባል። መራመድ ካቃተው በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋው ሰው አለ። የሚተኛበትን አልጋ ያጸዳ አለ። የሚወጋበትን መርፌ ከስቶር ያወጣ አለ። ቁስሉ የሚሰፋበትን መሣሪያ ከጀርም ያጸዳም አለ። ሐኪሙ ፊት የሚቀመጠው ምናልባት ለጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረውን ሰዓት በእጃቸው የያዙት ሌሎች ናቸው።

ይህ መመሪያ ከእነዚያ "ሌሎች" አንዱ መሆን ለሚፈልግ ሰው ነው። ከመጀመሪያው ልናገር፦ በሥራ መደብ ስም አትምረጡ። ስም ያሳስታል። ይልቅ የታካሚው መንገድ የቱ ጋ ቢሰናከል እናንተ ልታቃኑት እንደምትችሉ አስቡ። ከዚያ ቦታ ጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ሥራዎቹን በቦታቸው እወቁ

የመደቡ ስም ከተቋም ተቋም ይለያያል። ሥራው ግን ብዙም አይለያይም።

የፊት ለፊት ሥራ። እንግዳ ተቀባይ፣ ካርድ አውጪ፣ ቀጠሮ ያዥ፣ ስልክ ኦፕሬተር። ለመግባት ከሁሉም የቀለለው በር ይህ ነው። ለመቆየት ግን ቀላል አይደለም። ፊታችሁ የሚቆመው ሰው ታሟል፣ ፈርቷል፣ ወይም ልጁን ታቅፎ ሰዓቱን እያየ ነው። ንዴቱ የሚያርፈው መጀመሪያ ያገኘው ሰው ላይ ነው። ያ ሰው እናንተ ናችሁ።

ካርድ ክፍል። ብዙ ሰው ይህን ሥራ ይንቀዋል። እኔ ደግሞ ከሁሉም የሚገርመኝ እሱ ነው። አንድ ትልቅ ሆስፒታል በመቶ ሺህ የሚቆጠር ፋይል ሊኖረው ይችላል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የአንዱን ሰው በደቂቃዎች ማግኘት ያስፈልጋል። ለዚህ የተፈጠረ ብልሃት አለ። የካርድ ቁጥሩ 12-34-56 ነው እንበል። ከኋላ ወደ ፊት ይነበባል። መጀመሪያ ወደ 56 መደርደሪያ ትሄዳላችሁ። እዚያ 34ን ትፈልጋላችሁ። በመጨረሻ 12ን ትመዛላችሁ። ለምን ከኋላ? በተለመደው ቅደም ተከተል ቢደረደር አዲስ ፋይል ሁሉ መጨረሻው መደርደሪያ ላይ ይከማቻል። ሠራተኛውም እዚያው ሲጋፋ ይውላል። ከኋላ ሲነበብ ግን አዲሱም አሮጌውም በ100 ክፍሎች ላይ ይበተናል።

ፋይል ሲወጣ በቦታው መተኪያ ካርድ ይገባል። ማን ወሰደው? መቼ? ወደየት ክፍል? ይቺን ካርድ መዝለል የተጀመረ ቀን ፋይል መጥፋት ይጀምራል።

ኮምፒውተር ስለገባ ጣጣው አለቀ ማለት አይደለም። ታካሚው ስሙ በሌላ ፊደል ተጽፎ ሁለተኛ ፋይል ይከፈትለታል። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የተጻፈው አሮጌው ላይ ነው። ሐኪሙ ፊት የተከፈተው አዲሱ ነው፤ እዚያ ምንም የለም። ካርድ ክፍል ያለው ሰው "ከዚህ በፊት እዚህ ታክመው ያውቃሉ?" ብሎ ጠይቆ፣ በትውልድ ቀንና በስልክ ቁጥርም ፈልጎ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

ኮዲንግ። ሐኪሙ የጻፈውን የበሽታ ስም ወደ ዓለም አቀፍ ኮድ (አይሲዲ) የመቀየር ሥራ ነው። የኮዱ መነሻ በ1893 ፈረንሳዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ዣክ በርቲዮን ያዘጋጀው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1948 ኃላፊነቱን ተረከበ፤ በዚያው ጊዜ ከሞት ምክንያት በተጨማሪ ሕመሞችም ገቡበት። 10ኛው እትም በ1990 ጸደቀ። 11ኛው በ2019 ጸድቆ ከጥር 2022 (በአውሮፓ አቆጣጠር፣ እንደ ሌሎቹ ዓመቶች ሁሉ) ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። አሁንም 10ኛውን የሚጠቀሙ ተቋማት ብዙ ናቸው። በ10ኛው እትም የደም ግፊት "አይ 10" ነው። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር "ኢ 11" ነው። ወድቆ ክንዱ ለተሰበረ ሰው ደግሞ አንድ ኮድ አይበቃም፤ ስብራቱ በ"ኤስ 52" ሥር ይገባል፣ አወዳደቁ የራሱ ሌላ ኮድ አለው። ዝርዝር የሚወድ፣ ሰው የሚያደክመው፣ ብቻውን ሲሠራ ደስ የሚለው ሰው ካላችሁ ይህን ጠቁሙት።

ዳታና ሪፖርት። ስንት ሰው ታከመ፣ በምን ታመመ፣ ስንት ሕፃን ተከተበ። በብዙ አገሮች ይህ የሚሞላው ዲኤችአይኤስ 2 በሚባል ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፤ የሚመራው ደግሞ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። የጤና ዳታ ኃይል የገባው ማን ነበር ካላችሁ እንግሊዛዊቷን ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ልጥቀስ። ሰው የሚያውቃት በፋኖሷ ነው። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ከቁስል ይልቅ በበሽታ የሚሞተው ወታደር እንደሚበዛ በ1858 በሥዕላዊ ሰንጠረዥ አሳየች። ባለ ሥልጣናቱን ለማሳመን የያዘችው ማስረጃ ሪፖርት ነበር።

ክፍያና ኢንሹራንስ። የታካሚውን ሂሳብ ማዘጋጀት፣ ለኢንሹራንስ ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) መላክ፣ ተመላሽ የሆነውን አስተካክሎ እንደገና መላክ። ክሌም ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በጥቃቅን ነገር ነው። የአባልነት ቁጥር አንድ አኃዝ ይጎድላል። የተደረገው ሕክምና ከተጻፈው በሽታ ጋር አይገጥምም። ቅድሚያ ፈቃድ ሳይጠየቅ ቀርቷል። ይህን የሚለይ ዓይን ያለው ሰው ለተቋሙ ደመወዙን ደጋግሞ ይመልሳል። በቃለ መጠይቅ ላይ ይህን መናገር አትፈሩ።

ስቶርና አቅርቦት። መድኃኒትና ዕቃ ማዘዝ፣ መረከብ፣ ማውጣት፣ ቢን ካርድ (የዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት ካርድ) ላይ መመዝገብ። ሕጉ አጭር ነው፦ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ ይውጣ። ቀድሞ የገባው አላልኩም። ትናንት የመጣው ካርቶን ካለፈው ወር ካርቶን ቀድሞ ኤክስፓየር ሊያደርግ ይችላል። ክትባት ከሆነ አብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሙቀቱን ነው። ነገር ግን የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን የመሰሉት በረዶ ከሠሩ ተበላሹ ማለት ነው፤ ቢቀልጡም አይመለሱም። ስለዚህ ፍሪጁን "ለጥንቃቄ" ብሎ ማቀዝቀዝ ራሱ ጥፋት ነው።

መሣሪያ ማምከኛ ክፍል። ከቀዶ ሕክምና የወጣ መሣሪያ መጀመሪያ ይታጠባል፣ ይመረመራል፣ ይታሸጋል፣ ከዚያ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት የሚያመክን ማሽን) ይገባል። ተራ በሆነው የእንፋሎት ማሽን የታሸገ ዕቃ በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ ያህል ይቆያል። አየሩን በፓምፕ በሚያወጣው ማሽን ደግሞ በ132 ዲግሪ 4 ደቂቃ ይበቃዋል። የማሽኑ ማኑዋል የሚለው ሁልጊዜ ይቀድማል። ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ቴፕ መስመሩ ሲጠቁር ብዙ አዲስ ሰው "አለቀ፣ ጸዳ" ይላል። ቴፑ የሚነግራችሁ ጥቅሉ ሙቀት ማግኘቱን ብቻ ነው። ጀርሙ በእርግጥ መሞቱን የሚያረጋግጠው ሙቀትን የሚቋቋም የባክቴሪያ ስፖር አብሮ ገብቶ ሲሞት ነው። ደግሞም ደም የደረቀበት መቀስ ስንት ሰዓት ቢቀቀል ዋጋ የለውም፤ ቆሻሻው ጀርሙን ይከልላል። መታጠቡ ይቀድማል።

በነገራችን ላይ ይህ ክፍል ታካሚ አይገባበትም። ለማውራት ጊዜ የሌለው፣ እጁ ግን ትክክል የሆነ ሰው ጥሩ ቦታው ነው።

ጽዳት፣ ላውንድሪ፣ ታካሚ ማመላለስ። በ1847 ሐኪሙ ኢግናዝ ሰመልዌስ ቪየና ውስጥ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አደረገ፤ የወላድ እናቶች ሞት በአንዴ ቀነሰ። የጽዳት ሠራተኛ ዛሬም የያዘው የዚያኑ ሥራ ግማሽ ነው። ከንጹሕ ወደ ቆሻሻ፣ ከላይ ወደ ታች ይጸዳል። የተገላቢጦሽ ከሆነ ጀርሙን ማዘዋወር ነው።

ሌሎቹ። የባዮሜዲካል ቴክኒሻን ማሽኖቹን ይጠግናል፤ ኤሌክትሮኒክስ ለሚወድ አሪፍ ሥራ ነው። የሕክምና አስተርጓሚ በሁለት ቋንቋ መካከል ይቆማል። የሰው ኃይል፣ ፋይናንስ፣ ግዥ፣ አይቲ፣ ጥራት ቁጥጥር ደግሞ ከሌላ መሥሪያ ቤት ልምድ ይዞ ለሚመጣ ሰው የተመቹ ናቸው። ሒሳብ ሠራተኛ ከሆናችሁ "እኔ ስለ ጤና ምን አውቃለሁ?" ብላችሁ ራሳችሁን አታስቀሩ።

ደረጃ 2፦ የትኛውን እንደምትችሉ ለዩ

ወረቀት አውጡና እነዚህን በሐቅ መልሱ።

ደም ማየት ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ ችግር የለም። ኮዲንግ፣ ክፍያና ዳታ ጋ ደም የለም።

ሌሊት ተረኛ መሆን ትችላላችሁ? ካርድ ክፍል፣ ጽዳትና ታካሚ ማመላለስ በትልልቅ ተቋማት 24 ሰዓት ይሠራሉ። ኮዲንግና ፋይናንስ አብዛኛውን ጊዜ የቀን ናቸው።

ሰው ሲጮህባችሁ ምን ትሆናላችሁ? መልሳችሁ የምትጮኹ ከሆነ ፊት ለፊት አትቀመጡ። ውስጣችሁ አምቃችሁ ቤት ገብታችሁ የምታለቅሱ ከሆነም አትቀመጡ። ወደ ኋላ ቢሮ ሂዱ።

አንድ ዓይነት ሥራ ቀኑን ሙሉ መደጋገም ያሰለቻችኋል ወይስ ያረጋጋችኋል? ይቺ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ሰው ትለያለች። የምታሰለቻችሁ ከሆነ ማምከኛና ኮዲንግ አይሆኑላችሁም፤ እንግዳ መቀበልና ታካሚ ማመላለስ ይሻላችኋል።

እውነቱን ለመናገር የመነሻ ደመወዙ ከፍ ያለ አይደለም። ምስጋናውም አብዛኛውን ጊዜ ለሐኪሙ ነው የሚሄደው። ይህ ከአሁኑ የሚያሳምማችሁ ከሆነ ሌላ መስክ ብታዩ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ለሁሉም የሚያስፈልገውን መሠረት ያዙ

የትኛውንም ብትመርጡ እነዚህን ሳትይዙ አትሂዱ።

*ምስጢር።* ማን እንደታመመ፣ በምን እንደታመመ፣ መምጣቱ ራሱ ሳይቀር፣ ሆድ ይፍጀው። ስክሪን ከፍቶ መሄድ፣ ሊፍት ውስጥ ስለ ታካሚ ማውራት፣ የታዋቂ ሰው ፋይል "ለማየት ያህል" መክፈት፣ ሁሉም ጥፋት ነው። በኮምፒውተር ሲስተም ማን የማንን ፋይል መቼ እንደከፈተ ይመዘገባል። የራሳችሁን ዘመድ ፋይል እንኳ ሥራችሁ ካልሆነ አትክፈቱ።

*ሰውን በሁለት መለያ ማረጋገጥ።* ስም ብቻውን አይበቃም። ስምና የትውልድ ቀን፣ ወይም ስምና የካርድ ቁጥር። የአልጋ ቁጥር መለያ አይሆንም፤ ሰው አልጋ ይቀይራል። አጠያየቁም ዘዴ አለው። "እገሌ ነዎት?" ካላችሁ የደከመ ወይም መስማት ያቃተው ሰው "አዎ" ብሎ ሊያልፍ ይችላል። "ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ" በሉ።

*እጅና ኬሚካል።* እጅ በአልኮል ሲታሽ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውሃና በሳሙና ሲታጠብ ከመጀመሪያ እስከ ማድረቅ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። በረኪና መበጥበጥ ደግሞ ስሌት አለው፦ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን በመቶኛ በምትፈልጉት በመቶኛ አካፍሉ፣ ከውጤቱ 1 ቀንሱ፤ የቀረው ለአንድ እጅ በረኪና የሚጨመረው የውሃ እጅ ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ቢል፣ የምትፈልጉት 0.5 በመቶ ቢሆን፣ 5 ለ0.5 ሲካፈል 10 ነው፤ 1 ሲቀነስ 9። አንድ ኩባያ በረኪና፣ ዘጠኝ ኩባያ ውሃ። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከአሞንያ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

*የሕክምና ቃላት።* ሺህ ቃል መሸምደድ አያስፈልግም። ቁርጥራጮቹን እወቁ። መጨረሻው "አይቲስ" ከሆነ ብግነት ነው፤ ቶንሲላይቲስ እንደሚባለው። "ኤክቶሚ" ቆርጦ ማውጣት ነው። "ካርዲዮ" ልብ፣ "ኔፍሮ" ኩላሊት፣ "ሄፓቶ" ጉበት። ከሁሉም የምታስፈራው "ሃይፐር" እና "ሃይፖ" ናት። አንዱ መብዛት ነው፣ ሌላው ማነስ። በስልክ ሲነገሩ አይለዩም። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲበዛና ሲያንስ የሚሰጠው ሕክምና ተቃራኒ ነው። ስለዚህ መልእክት ስትቀበሉ "ከፍ ያለ ነው ያሉኝ ወይስ ዝቅ ያለ?" ብላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ አንድ ክህሎት ለይታችሁ በእጃችሁ ተለማመዱ

መሠረቱ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ። ሁለት ሦስት አትጀምሩ።

ካርድ ክፍልን ወይም ዳታን ከመረጣችሁ ኤክሴል ተማሩ። መደርደር፣ ማጣራት፣ ድግግሞሽ ማውጣት፣ ፒቮት ሰንጠረዥ (ዳታን ጠቅልሎ የሚያሳይ)። መለማመጃ ዳታ የለኝም አትበሉ። 200 የፈጠራ ታካሚዎች ጻፉ። ሆን ብላችሁ 15ቱን በሌላ አጻጻፍ ድገሙ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ፈልጓቸው። ስንቱን አገኛችሁ? ያመለጧችሁስ ምን ዓይነት ናቸው? ይህን የሠራ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያወራው ነገር አያጣም።

ኮዲንግን ከመረጣችሁ የ11ኛው እትም ሙሉ ዝርዝርና መፈለጊያው የዓለም ጤና ድርጅት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። በቀን አምስት በሽታ ኮድ ስጡ። ለመጀመር የተለመዱትን ያዙ፦ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሳንባ ምች፣ ስብራት። የሰውነት አወቃቀር እውቀት የግድ ነው፤ የትኛው አጥንት የት እንዳለ የማያውቅ ኮደር መገመት ይጀምራል። ሐኪሙ ያልጻፈውን በሽታ መገመት ደግሞ ክልክል ነው፤ ይጠየቃል እንጂ አይገመትም።

አስተርጓሚነትን ከመረጣችሁ ሁለት ቋንቋ መቻል ግማሹ ብቻ ነው። ታካሚው "ሆዴን ያመኛል" ካለ እናንተም "ሆዴን ያመኛል" ትላላችሁ። "ሆዱን ያመዋል ይላል" አይባልም። አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፣ አታለዝቡ። ዘመድ መጥፎ ዜናን እያለዘበ ስለሚተረጉም ነው ባለሙያ የሚፈለገው። ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ አንዱ ሐኪም አንዱ ታካሚ ሆኖ ተለማመዱ፤ ድምፁን ቀድታችሁ አድምጡትና የዘለላችሁትን ቁጥር ፈልጉ። የመድኃኒት መጠንና ቀን ነው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው።

ስቶር ከሆነ ቢን ካርድ በወረቀት ሥሩና ቤታችሁ ባለ ዕቃ ሞክሩት። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ወር ሲሞላ ቁጠሩ። ካርዱና መደርደሪያው ካልገጠሙ ለምን እንደሆነ እስክታገኙ አትልቀቁ።

ደረጃ 5፦ ለኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ኮርስ፣ ከዚያ ሥራ ፍለጋ። እናንተ ከኋላ ጀምሩ። ልትቀጠሩባቸው የምትፈልጓቸውን ተቋማት የሥራ ማስታወቂያ ሰብስቡ። ሃያ ያህል ይበቃል። የሚጠይቁትን ሰርተፊኬት፣ ሶፍትዌርና የትምህርት ደረጃ በዝርዝር ጻፉ። ደጋግሞ የመጣውን ብቻ ተማሩ።

ከዚያ ወደ ማሠልጠኛው ስትሄዱ እነዚህን ጠይቁ። የምትሰጡትን ወረቀት ማን ያውቀዋል? ፈቃድ ለሚሰጠው የመንግሥት አካል ራሳችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ የማሠልጠኛው ቃል ብቻውን አይበቃም። የተግባር ልምምድ አለው? የት ተቋም፣ ስንት ሰዓት? "ሥራ እናስገባለን" የሚል ካለ በጽሑፍ ይስጥ። ውሃ የሚያነሳ መልስ ካላገኛችሁ ውጡ።

ማምከን፣ ባዮሜዲካልና ኮዲንግ ሥልጠናቸው ዋጋ አለው። እንግዳ ተቀባይነት ግን ረጅም ኮርስ አያስፈልገውም። ለእሱ ብዙ አትክፈሉ።

ደረጃ 6፦ ግቡ፣ በትንሿም በር ቢሆን

ትልቁ ሆስፒታል ብቻ አይደለም ያለው። የግል ክሊኒክ፣ ላቦራቶሪ፣ የጥርስ ሕክምና፣ የመድኃኒት አስመጪ፣ የጤና ኢንሹራንስ ቢሮ አለ። ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ አንድ ሰው እንግዳ ይቀበላል፣ ካርድ ያወጣል፣ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ሪፖርትም ይሞላል። አድካሚ ነው። ትልቅ ተቋም ውስጥ አራት ክፍል ዞራችሁ የምታገኙትን ግን እዚያ በአንድ ጠረጴዛ ትማሩታላችሁ። ለጀማሪ ትንሹን እመርጣለሁ።

የእረፍትና የወሊድ ፈቃድ መተኪያ ቅጥርን አትናቁ። ጊዜያዊ ብትሆኑም የሲስተሙን አሠራር ታውቃላችሁ። ቋሚ ቦታ ሲከፈት ከውጭ ካለው ሰው አንድ እርምጃ ትቀድማላችሁ።

ሲቪ ላይ ስሜትን ትታችሁ ሥራን ጻፉ። "ታታሪና ሰው የምወድ ነኝ" የሚለው አረፍተ ነገር ሁሉም ሲቪ ላይ አለ። በምትኩ እንዲህ ይሁን፦ "ሱቅ ውስጥ ለሁለት ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ በየቀኑ ማታ ሂሳብ እዘጋ ነበር፤ ጉድለት ሲገኝ ምክንያቱን በጽሑፍ አቀርብ ነበር።" ይህን ያነበበ የክፍያ ክፍል ኃላፊ ወንበር ያቀርብላችኋል። ከጤና ውጭ የሠራችሁትን እንዲህ ወደ ጤና ተርጉሙት። የመጋዘን ሠራተኛ ቆጠራ ያውቃል። የሆቴል አልጋ አንጣፊ የንጹሕና የቆሻሻ ጨርቅ መለያየት ያውቃል። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ፋይል ያውቃል።

ደረጃ 7፦ ቃለ መጠይቁ

ስለ ጥንካሬያችሁና ድክመታችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም፤ እሱን ተዉት። ለእነዚህ ግን ተዘጋጁ።

"ጎረቤትሽ መጥታ የባለቤቷን የላቦራቶሪ ውጤት ብትጠይቅሽ?" መልሱ "አልነግራትም" ብቻ ከሆነ ግማሽ ነው። "ውጤቱን የምንሰጠው ለራሱ ለታካሚው ወይም እሱ በጽሑፍ ለፈቀደለት ሰው እንደሆነ በአክብሮት እነግራታለሁ፤ ባለቤቷ ራሱ የት ክፍል እንደሚሄድም አሳያታለሁ" በሉ። ሰዎቹ የሚፈልጉት ምስጢር መጠበቃችሁን ብቻ አይደለም። ሰው ሳታስቀይሙ መጠበቃችሁን ነው።

"ተራ የሚጠብቅ ሰው ደረቴን አመመኝ፣ ላብ እያሰመጠኝ ነው ቢል?" እናንተ ሐኪም አይደላችሁም፤ አትመርምሩ፣ አታረጋጉ፣ "ተራዎን ይጠብቁ"ም አትበሉ። ወዲያው ነርስ ጥሩ። ሰውየውን ብቻውን አትተዉት። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን መዛል፣ ብዙ ደም መፍሰስ፣ ራስን መሳት፣ እነዚህ ወረፋ አይጠብቁም።

"ኃላፊህ የተሳሳተ ሪፖርት እንድትሞላ ቢያዝህ?" ይህ የሚያጣብቅ ጥያቄ ነው። "ምንጩን መዝገብ ይዤ ሄጄ ቁጥሩ ለምን እንደተለየ አሳየዋለሁ፤ ካልተስማማን ያልተመዘገበ ቁጥር እንደማልሞላ እነግረዋለሁ" ማለት ይበቃል። ጀግና መምሰል አያስፈልግም።

እናንተም ጠይቁ። ሥልጠና ስንት ሳምንት ነው? ክትባት ይሰጣል? ለሥራ ስንት ሰው በአንድ ሽፍት ይመደባል? መልሱ ላይ ዓይናቸውን እዩ።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ ወራት

ከሥራው በፊት ራሳችሁን ጠብቁ። ደም ወይም ቆሻሻ የምትነኩ ከሆነ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ጠይቁ፤ ለአዋቂ በተለመደው አሰጣጥ ሦስት ጊዜ ነው፣ የመጀመሪያው፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ። የስለት መጣያ ሣጥን ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል። እጅ አስገብቶ መጠቅጠቅ የለም። መርፌ ቢወጋችሁ ቦታውን በውሃና በሳሙና ታጠቡ፣ አትጭመቁት፣ ወዲያው ለኃላፊ አሳውቁ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በሰዓታት ውስጥ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። አፍሮ ዝም የሚል ሰው ብዙ ነው። ኧረ አትፈሩ፣ ጉዳቱ የእናንተ ነው።

ታካሚ ስታነሱ ወገባችሁን አታጉብጡ፤ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ብቻችሁን አታንሱ፣ የተሽከርካሪ ወንበሩን ፍሬን ያዙ። ፍሬን ያልተያዘ ወንበር ሰው ይጥላል።

ከዚያ ተቋሙን ዙሩ። በእረፍት ሰዓት አንድ ፋይል ከካርድ ክፍል እስከ ፋርማሲ እንዴት እንደሚጓዝ ጠይቃችሁ ተከታተሉ። የት ጋ ሰው ቆሞ ይውላል? የት ጋ ወረቀት ይጠፋል? ጻፉት፤ አትተቹ። አዲስ ሰው በገባ በሳምንቱ "ይህ አሠራር ልክ አይደለም" ካለ ነገሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ይባላል። ሁለት ሦስት ወር ቆይታችሁ አንዷን ትንሽ ነገር፣ ከነመፍትሔዋ፣ ለኃላፊያችሁ ብቻ አቅርቡ። ቀጠሮ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ለሁሉም ሰው አንድ ላይ ተሰጥቶ ከሆነ በየግማሽ ሰዓቱ መክፈል ብዙ ጊዜ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ወረፋው ግን ዓይናችሁ እያየ ያጥራል።

ደረጃ 9፦ ወደ ላይ መውጣት

መንገዱ ቀጥ ያለ መሰላል አይደለም፤ ወደ ጎንም ይሄዳል። ከጽዳት ወደ ማምከኛ፣ ከዚያ የኢንፌክሽን መከላከል ቡድን አባልነት። ከካርድ ክፍል ወደ ዳታ፣ ከዳታ ወደ ጥራት ቁጥጥር። ከእንግዳ ተቀባይ ወደ ክፍያ፣ ከዚያ ወደ ክፍል አስተዳዳሪ። ነርስ ወይም ላቦራቶሪ ቴክኒሻን መሆን የምትመኙ ከሆነም ከውስጥ ሆናችሁ ሥራውን ሳትማሩት በፊት ታዩታላችሁ፤ አንዳንዱ ካየ በኋላ ሐሳቡን ይለውጣል። ያም ትርፍ ነው።

ለዚህ ሁሉ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። የወሰዳችሁትን እያንዳንዱን ሥልጠና፣ የግማሽ ቀን እንኳ ቢሆን፣ ቀኑንና የሰጠውን ክፍል ጽፋችሁ ወረቀቱን አስቀምጡ። ያሻሻላችሁትን ነገር በቁጥር ያዙት፦ በወር ስንት ክሌም ይመለስ ነበር፣ አሁን ስንት ነው። የታካሚ ስም ያለበትን ወረቀት ግን ወደ ቤት አትውሰዱ፤ ቁጥሩ ብቻ ይበቃል። ኃላፊያችሁ ሊቀየር ወይም ሊለቅ መሆኑን የሰማችሁ ቀን የምስክር ደብዳቤ ጠይቁት። አዲሱ ኃላፊ የሠራችሁትን አላየም፤ የለቀቀውን ሰው ደግሞ ከዓመት በኋላ በስልክ ማግኘት ቀላል አይደለም።